ከጎልማሶች ትምህርት ወደ ኮሌጅና ወደ ሙያ (አሜሪካ ላላችሁ)፦ ጂኢዲ፣ ፋፍሳ፣ ፔል፣ የሙያ ሥልጠና

ዘጠነኛ_ቀበሌ፦

ሰላም ለሁላችሁ። «ጂኢዲ (የሃይስኩል ዲፕሎማ አቻ ፈተና) የት ልማር?» ለሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ አዲስ ክር ስለሚከፈት አንድ ቦታ ላይ እናሰባስበው። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ለዩ። ጂኢዲ የማያስፈልገው ሰው ጂኢዲ ክፍል ሲመላለስ ይከርማል፤ የሚያስፈልገው ደግሞ በ10ኛ ክፍል ሰርተፊኬት የኮሌጅ ማመልከቻ ይሞላል።

አገር ቤት 12ኛን የጨረሰ ሰው ጂኢዲ አያስፈልገውም። ትራንስክሪፕቱን የናሴስ (የገምጋሚዎች ማኅበር) አባል በሆነ ገምጋሚ ድርጅት ማስገምገም ነው፤ አንዳንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይህንንም አይጠይቅም። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ «ሃይስኩል ዲፕሎማ» የሚለውን ይምረጥ፤ ከውጭ አገር የመጣም እዚያው ነው የሚገባው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትራንስክሪፕቱም በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ብዙ ጊዜ አስተርጓሚ መክፈል አያሻም።

የ10ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ብቻ ያለው ላይ ነው ችግሩ። በድሮው ሥርዓት 10ኛ ሲያልቅ ወይ መሰናዶ ነው ወይ ቴክኒክና ሙያ፤ እዚህ ያለው ኮሌጅ ግን 12 ዓመት ይቆጥራል። 10+3 ዲፕሎማ ያላችሁ አስቀድማችሁ አስገምግሙ፤ ተገምግሞ የሚሠራ ወረቀት ይዞ ጂኢዲ መቀመጥ ልፋት ነው።

ዲቪ የደረሰው ሰው ራሱ ለቪዛው ወይ 12ኛ መጨረሱን ወይ ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ማሳየት ስላለበት ብዙ ጊዜ ወረቀቱ አለው። ለትዳር ጓደኛው ግን የትምህርት ማስረጃ አልተጠየቀም። ከአንድ ቤት ባል በቀጥታ ኮሌጅ ሚስት ጂኢዲ የሚገቡት በዚህ ነው።

ሰናይት_ቪኤ፦

እግዜር ይስጥልን፣ በደንብ ነው ያስቀመጥከው። የወንድሜን ሚስት ልጠይቅላት። 10ኛ ጨርሳለች፣ መሰናዶ አልገባችም። እንግሊዝኛ ትሰማለች፣ መጻፍ ላይ ትቸገራለች። ሐሳቧ ነርስነት ነው። አሁን የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። መጀመሪያ ኢኤስኤል (የእንግሊዝኛ ትምህርት)፣ ቀጥሎ ጂኢዲ፣ ቀጥሎ ኮሌጅ ከሆነ ዕድሜዋ አለቀ አለች። አብሮ የሚሄድበት መንገድ አለ?

የምዝገባ_ዴስክ፦

ሰናይት፣ አብሮ ይሄዳል። ከመነሻው ልጀምርልሽ፣ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራው የጎልማሶች ትምህርት (የ2014ቱ ዋዮዋ የሚባለው ሕግ) 16 ዓመት የሞላው፣ ሃይስኩል ያልተመዘገበ፣ ከዚያም ዲፕሎማ የሌለው ወይም መሠረታዊ ክህሎት የሚጎድለው ወይም እንግሊዝኛ እየተማረ ያለ ሰው ይቀበላል። «ወይም» ነው። 12ኛ ጨርሶ እንግሊዝኛ የሚጎድለውም መግባት ይችላል። ትምህርቱ ነፃ ወይም ለነፃ የቀረበ ነው።

ስትመዘገብ ፈተና ይሰጧታል፤ እንደ ቦታው ካሳስ ወይም ቴብ ይባላል። ይህ የማለፍና የመውደቅ ፈተና አይደለም፣ ክፍል መመደቢያ ነው። የእኛ ሰው ግን ፈተና ሲባል ይደነግጣል፤ ጎረቤት ጠይቆ ወይም ገምቶ ከፍ ያለ ውጤት ያመጣና ከአቅሙ በላይ ክፍል ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት መቅረት ይጀምራል። ተቃራኒውም አለ፦ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ በቀጥታ ይፈተንና ዝቅ ያለ ክፍል ይገባል፣ ተሰላችቶ ይወጣል። ቀጠሮውን በእረፍት ቀኗ ታድርገው። የማታውቀውን ትዝለለው።

ሁለተኛው ፈተና የሚሰጠው ቢያንስ 40 ሰዓት ከተማረች በኋላ ነው (ካሳስ የሚመክረው ከ70 እስከ 100 ሰዓት ነው)። በሳምንት 6 ሰዓት የምትማር ከሆነ 40 ሰዓት ማለት ሰባት ሳምንት ያህል ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ «ሁለት ወር ተምሬ ከክፍል ክፍል አላሸጋገሩኝም» ብሎ ያቆማል። ደረጃው የሚቀየረው በዚያ ሁለተኛ ፈተና ነው፤ የፕሮግራሙም በጀት የሚታየው በእሱ ነው። ስለዚህ ቀኑን ጠይቃ ትያዝ፣ እንዳትቀር።

እና ገና በመጀመሪያው ቀን ግቧ ነርስነት መሆኑን ለአማካሪው ትንገረው። ካልተናገረች ተራ የጂኢዲ መስመር ላይ ያስቀምጧታል፤ ከሙያ ጋር የተጣመረ ክፍል ቢኖርም ማንም ጎትቶ አያስገባትም።

ሒሳብ_በማታ፦

ስለ ጂኢዲው ፈተና ራሱ፣ ብዙ የተሳሳተ ወሬ ስላለ።

አራት ፈተና ነው፣ ለየብቻ ይወሰዳል፣ ለየብቻ ይከፈላል። ሒሳብ 115 ደቂቃ፣ ቋንቋ 150 (45ቱ ድርሰት፣ 10ሩ እረፍት)፣ ሳይንስ 90፣ ሶሻል ስተዲስ 70። ውጤቱ ከ100 እስከ 200 ነው፣ ማለፊያው በእያንዳንዱ 145። አንዱ ላይ 160 አምጥቶ ሌላው ላይ 140 ማምጣት አይካካስም። 165 ያመጣ «ለኮሌጅ ዝግጁ» ይባላል፣ አንዳንድ ኮሌጅ የምደባ ፈተናውን ይተውለታል። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው የሚሰጠው፤ አማርኛ የለም።

በአንድ ጊዜ አራቱንም አትመዝገቡ። ለእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሻለው ቅደም ተከተል ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል፣ መጨረሻ ቋንቋ ነው። ሳይንስና ሶሻል ስሙ ያስፈራል እንጂ በአመዛኙ ምንባብና ሠንጠረዥ ማንበብ ነው፤ እየተዘጋጃችሁ ለቋንቋው ትለማመዳላችሁ። ሶሻሉ ግማሹ የአሜሪካ መንግሥት አሠራር ነው፤ ለዜግነት ፈተና የተጠና ነገር እዚህ ይጠቅማል።

ሒሳብ ላይ አልጀብራው አይደለም የሚጥለን። 55 በመቶው አልጀብራ ነው፣ ቀመሩም ስክሪኑ ላይ ይሰጣል። የሚጥለን የጥያቄው ቋንቋና የአሜሪካ መለኪያ ነው። አንድ ላሳያችሁ፦ 12 ጫማ በ9 ጫማ የሆነ ክፍል ወለሉ በምንጣፍ ይሸፈን፣ ምንጣፉ በካሬ ያርድ ይሸጣል፣ ስንት ካሬ ያርድ? 12 × 9 = 108 ካሬ ጫማ። አንድ ያርድ 3 ጫማ ነው ብሎ ለ3 የሚያካፍል 36 ያገኛል፤ 36 ደግሞ ከምርጫዎቹ መሐል ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። አንድ ካሬ ያርድ ግን 3 × 3 = 9 ካሬ ጫማ ነው፤ መልሱ 12 ነው። ኢንች፣ ፓውንድ፣ ጋሎን፣ ኩንታል ያልሆነ «ተን» — እነዚህን ለይቶ አንድ ሳምንት መለማመድ ውጤት ያሻሽላል።

የመጀመሪያዎቹ 5 ጥያቄዎች ያለ ካልኩሌተር ናቸው። ለቀሪው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-30ኤክስኤስ ስክሪኑ ላይ አለ። በስልክ ካልኩሌተር ብቻ የተለማመደ ሰው ክፍልፋይ ማስገቢያውን ሲፈልግ ደቂቃው ያልቅበታል። ያንኑ ሞዴል ገዝታችሁ ተለማመዱ።

ድርሰቱ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አንድ ዓይነት ስህተት ነው። ሁለት ተቃራኒ ጽሑፍ ይሰጣችኋል፤ የሚጠየቀው የማን ክርክር በተሻለ ማስረጃ ተደግፏል የሚለው ነው። የእኛ ሰው የራሱን አቋም ይጽፋል፣ ተረትና ምሳሌ ይጨምርበታል፣ ያማረ ድርሰት ይሆንና ነጥብ አያገኝም። ከጽሑፉ ሦስት ማስረጃ ጥቀሱ፣ እያንዳንዱ ለምን ጠንካራ እንደሆነ ተናገሩ፣ የሌላኛው ጸሐፊ ማስረጃ የት ላይ እንደሚላላ አሳዩ። በቃ።

ከመክፈላችሁ በፊት «ጂኢዲ ሬዲ» የሚባለውን መለማመጃ ውሰዱ። አረንጓዴ ካላመጣ አትክፈሉ። ቤት ሆኖ በካሜራ ለመፈተን ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ማምጣት ግዴታ ነው፤ እሱንም የማይፈቅድ ግዛት አለ። ከወደቃችሁ በብዙ ግዛት ሁለት ጊዜ ሳትጠብቁ መድገም ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ 60 ቀን ትጠብቃላችሁ።

ጭነት_ሾፌር፦

ይህ ሁሉ ለምን? ለሲዲኤል (የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ) ዲፕሎማ አይጠየቅም። ለሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ደግሞ በብዙ ቦታ አይጠየቅም። ሰው ቶሎ ሥራ ይግባ፣ ልጆች አሉት።

ዘጠነኛ_ቀበሌ፦

ወንድሜ፣ አልተሳሳትክም። ግን ሲዲኤሉ ከዲፕሎማ ነፃ ነው እንጂ ከእንግሊዝኛ ነፃ አይደለም። ከ2022 ፌብሩዋሪ ጀምሮ የመግቢያ ሥልጠናው በፌዴራል መዝገብ ከተመዘገበ አሠልጣኝ መሆን አለበት፤ ከ2025 ጁን ወዲህ ደግሞ መንገድ ላይ የሚያስቆም ተቆጣጣሪ በእንግሊዝኛ ጠይቆ ካልተግባባ ከመንገድ ያስወጣል። የኢኤስኤል ክፍል ለሾፌርም ነው ለማለት ነው።

ሲኤንኤ የፌዴራሉ ዝቅተኛ 75 ሰዓት ነው፣ ቢያንስ 16ቱ በተግባር፤ ብዙ ግዛቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ጥሩ መጀመሪያ ነው። ጣሪያው ግን ቅርብ ነው፦ ኤልፒኤን (ከረዳት ቀጥሎ ያለው የነርስ ደረጃ) ለመሆን ሃይስኩል ወይም አቻው ይጠየቃል። ሲኤንኤ ሆኖ ጂኢዲውን «በኋላ» ያለ ሰው ሁለት ሽፍት ሲይዝ ያ በኋላ አይመጣም።

ሲያትል_ደቡብ፦

ሰናይት ለጠየቀችው «አብሮ የሚሄድ» መንገድ ዋሽንግተን ግዛት ጥሩ ምሳሌ ነው። አይቤስት ይባላል፣ በ2004 በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በግዛቱ ኮሚዩኒቲና ቴክኒክ ኮሌጆች ሁሉ አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አስተማሪ አለ፦ አንዱ ሙያውን፣ አንዱ እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን ያስተምራል፤ ቢያንስ ግማሹን ሰዓት አብረው ይቆማሉ። የነርስ ረዳት ተማሪዋ የደም ግፊት መለካት ስትማር «ሲስቶሊክ»ን መጻፍና ቻርት መሙላትን እዚያው ትማራለች። ክሬዲቱ የኮሌጅ ክሬዲት ነው። በሌሎች ግዛቶች ይህንኑ የሚመስለው «አይኢቲ» ይባላል፤ ስልክ ስትደውሉ በዚያ ስም ጠይቁ።

ዲፕሎማውን በተመለከተ እዚህ ከጂኢዲ ሌላ ኤችኤስ ፕላስ የሚባል አለ፣ 18 ዓመት ለሞላው። ከአገር ቤት የመጣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድና የሙያ ሰርተፊኬት በክሬዲት ይያዝላችኋል፤ የጎደለውን ብቻ ትማራላችሁ። 10ኛ የጨረሰች ሴት ከዜሮ አትጀምርም ማለት ነው። ክፍያው በሩብ ዓመት 25 ዶላር ነው፣ አቅም ለሌለው ይተዋል።

ፈተና የሚያስደነግጣቸው ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ያሉ ደግሞ «ናሽናል ኤክስተርናል ዲፕሎማ ፕሮግራም» የሚለውን ይጠይቁ፤ አንድ ትልቅ ፈተና የለውም፣ በተግባር ሥራ እየታየ ነው የሚያልፈው። ኮምፒውተር መጠቀምና በራስ መሥራት ይጠይቃል።

አሁን ዋናው። ዲፕሎማ የሌለው ሰው ፔል (የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) አያገኝም ይባላል። በአጠቃላይ ልክ ነው፣ ግን በር አለው። ከ2014 ዲሴምበር ጀምሮ ሕጉ የጎልማሶች ትምህርትንና የሙያ ትምህርትን ባንድነት በሚሰጥ ብቁ የሙያ ፕሮግራም ውስጥ የገባን ሰው ያለ ዲፕሎማ ፔል ይፈቅዳል። ማሳያው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የጸደቀ ፈተና ማለፍ፣ ወይም 6 ክሬዲት (ወይም 225 ሰዓት) በራስ ወጪ ጨርሶ ማለፍ፣ ወይም ግዛቱ ያስጸደቀው ሂደት ካለ በእሱ። «አቢሊቲ ቱ ቤኔፊት» ነው የሚባለው። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ስለማያውቀው «የለም» ሲላችሁ ኃላፊውን ጠይቁ፤ ኮሌጁ ራሱ ላያስኬደው እንደሚችልም እወቁ።

ሰናይት_ቪኤ፦

6 ክሬዲቱን በራስ ወጪ ማለት ብዙ ብር አይደለም?

ሲያትል_ደቡብ፦

ነው። እሱን የሚሸፍን ሌላ ኪስ ግን ይኖራል። አሜሪካን ጆብ ሴንተር በዋዮዋ በኩል የሥልጠና ክፍያ ይሰጣል፣ ሥልጠናው ግዛቱ ባጸደቀው የአሠልጣኞች ዝርዝር ላይ ካለ። ፉድ ስታምፕ የምታገኝ ከሆነ ከእሱ ጋር የተያያዘ የሥራና ሥልጠና ፕሮግራም አለ። ሁለቱም ከመመዝገብ በፊት ነው የሚጠየቁት። ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ቀጥሎ «መልሱልኝ» የሚባል ነገር የለም።

ደረሰኝ_ያዥ፦

ስለ ፔል እኔ ልጨምር፣ ሰው ዕዳ ውስጥ የሚገባው እዚህ ነውና።

ማን ያገኛል? ግሪን ካርድ ያለው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ፣ ስደተኛና ጥገኝነት የተፈቀደለት ያገኛል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ብቻ ያለው አያገኝም። የግዛት ነዋሪ ክፍያ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብዙ ቦታ 12 ወር መኖርን ይጠይቃል። ሰው በሁለተኛ ወሩ ተመዝግቦ የውጭ ግዛት ዋጋ ሲመጣበት ፔሉ ያንን መሸፈኛ ሆኖ ያልቃል። ከተቻለ ያንን ዓመት በነፃው የጎልማሶች ትምህርት ተጠቀሙበት።

የ2025–26 ጣሪያ 7,395 ዶላር ነው፣ ለሙሉ ጊዜ ተማሪ። 12 ክሬዲት ሙሉ ነው፣ 6 ክሬዲት ግማሽ። በዕድሜ ልክ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው ያለው። ኮሌጅ ውስጥ የሚሰጥ የማካካሻ ሒሳብና እንግሊዝኛ ከዚሁ ይቆረጣል፤ ፔል የሚከፍለውም እስከ 30 ክሬዲት ነው (ኢኤስኤል ከ30ው አይቆጠርም፣ ከዕድሜ ልኩ ግን ይቆጠራል)። ነፃ ክፍል በአቅራቢያው እያለ ያንኑ ክፍልፋይና ያንኑ ሰዋስው በፔል መማር ለነርሲንጉ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ቀድሞ መብላት ነው።

ትልቁ ወጥመድ ማቋረጥ ነው። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ክፍል የተወ ሰው የቆየበትን ያህል ብቻ ነው የሚገባው። 15 ሳምንት ከሆነ 60 በመቶው ዘጠነኛው ሳምንት ነው። በ30 በመቶው ላይ ሽፍቱ ተቀይሮ ያቆመ ሰው 70 በመቶው «አልተሠራበትም» ይባላል፤ ኮሌጁ ድርሻውን ለመንግሥት ይመልስና ለተማሪው ቢል ይልካል። ቢሉ ካልተከፈለ ለሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ አይቻልም፤ ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ) ሊሄድም ይችላል። ዝም ብሎ መጥፋት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፣ በሁሉም ኤፍ ነው የሚመጣው። ማቆም ግድ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የገንዘብ ማስመለሻው ቀን ሳያልፍ፣ በጽሑፍ አቁሙ። ወይም አንዱን ክፍል ብቻ ጣሉና ሌላውን ጨርሱ።

ሁለተኛው የትምህርት ዕድገት መለኪያ ነው። ብዙ ኮሌጅ ከወሰዳችሁት ክሬዲት 67 በመቶውን እንድታልፉና አማካይ ነጥብ 2.0 እንድትይዙ ይፈልጋል። 12 ወስዶ 6 በደብሊው (ክፍሉን በይፋ ትቶ) የወጣ 50 በመቶ ላይ ነው። ደብሊው ነጥብ አይነካም፣ ይህን ግን ይነካል። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ እርዳታው ይቋረጣል።

ለዚህ ነው ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው በ6 ክሬዲት ይጀምር የምለው። ፔሉ ግማሽ ይሆናል፣ ሰዉ ግን ይጨርሳል።

አጫጭር ሥልጠናን በተመለከተ፦ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ8 ሳምንት በማያንስ፣ 15 ሳምንት በማይሞላ፣ ከ150 እስከ 599 ሰዓት በሚሆን ሥልጠና ላይ ፔል እንዲሠራ የ2025ቱ ሕግ ፈቅዷል። የግዛቱ ገዥ ያጸደቀው ፕሮግራም መሆን አለበት። «ሁሉም የሲኤንኤ ትምህርት ቤት ፔል ይቀበላል» የሚሏችሁን አትመኑ፣ 75 ሰዓቱ ራሱ ከ150 በታች ነው።

ሒሳብ_በማታ፦

ደረሰኝ ያዥ ባለው ላይ በአንዱ አልስማማም። የማካካሻውን ክፍል ኮሌጅ ውስጥ መውሰድ የሚጠቅመው ሰው አለ። ነፃው ክፍል አንዳንድ ቦታ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው፣ የተራ ጥበቃውም ረጅም ነው። ከኮሌጅ ክፍል ጎን ለጎን የሚሰጥ የአንድ ሴሚስተር ድጋፍ ካለ ገንዘቡ የባከነ አይደለም። የሚያባክነው ደረጃ በደረጃ ሦስት አራት ሴሚስተር የሚወስደው ነው።

ደረሰኝ_ያዥ፦

ጎን ለጎን ከሆነ እስማማለሁ።

የምዝገባ_ዴስክ፦

ስለ ስምና ስለ ቀን ማንም አላነሳም፣ ግማሹ መጓተት ግን ከዚህ ነው።

ፋፍሳ ስምና የትውልድ ቀንን ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ያመሳክራል። ትራንስክሪፕት ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው፤ ግሪን ካርድ ላይ አያት «ላስት ኔም» ሆኖ አባት መሐል ገብቷል፣ ወይም አባት ጭራሽ ቀርቷል። አጻጻፉም ይለያያል፦ «ጸሐይ» አንዱ ጋ በቲ ተጀምሮ ሌላው ጋ በኤስ ብቻ። ለጂኢዲ አካውንት ስትከፍቱ መታወቂያው ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል። ፈተና ጣቢያው በር ላይ ካልተመሳሰለ ይመልሷችኋል፣ የከፈላችሁትም ላይመለስ ይችላል። ትራንስክሪፕቱ ከመታወቂያው የተለየ ከሆነ ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ በኖተሪ የተረጋገጠ ቃለ መሐላ ብዙ ኮሌጅ ይቀበላል። የገምጋሚውን ደንብ ግን አስቀድማችሁ እዩ።

ዓመተ ምሕረቱ ደግሞ ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. የጨረሰች ልጅ በእነሱ አቆጣጠር በ2017 ነው የጨረሰችው። ማመልከቻ ላይ 2009 ብላ ከጻፈች ገና ሕፃን ሳለች ሃይስኩል የጨረሰች ትመስላለች፤ ፋይሏ ለማጣራት ይቆማል። ማመልከቻው ላይ ሁሉ በፈረንጆቹ ጻፉ፣ ትራንስክሪፕቱን ግን አትንኩ፤ የተፋቀ ወረቀት ገምጋሚ አይቀበልም።

ገምጋሚዎች ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ የተላከ ይፈልጋሉ። የብሔራዊ ፈተና ውጤት ማረጋገጫ ከትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። እዚያ የሚያስፈጽም ዘመድ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ኤምባሲ ሄዶ ውክልናውን መስጠት ከሁሉ ቀድሞ ይጀመር፣ ረጅሙ እሱ ነው።

አዲስ_ገቢ፦

ይቅርታ፣ በፌስቡክ «በ5 ቀን ሃይስኩል ዲፕሎማ፣ 299 ዶላር፣ ከቤት ሳይወጡ» የሚል አየሁ። ይሠራል?

ዘጠነኛ_ቀበሌ፦

አይሠራም። ጂኢዲ የሚሰጠው ጂኢዲ ድርጅት ብቻ ነው፣ መመዝገቢያውም ጂኢዲ ዶት ኮም ነው። መለማመጃ የሚሸጥ ይኖራል፣ ዲፕሎማ የሚሸጥ ግን አጭበርባሪ ነው። ኮሌጁ ከተጠራጠረ ዲፕሎማውን ያጣራል፣ ፔሉም ይያዛል።

አዲስ_ገቢ፦

አመሰግናለሁ። ለነፃው ክፍልስ የመኖሪያ ወረቀት ይጠይቃሉ?

የምዝገባ_ዴስክ፦

እንደ ቦታው ነው። በ2025 ጁላይ የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር በፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት ሕጋዊ ደረጃ ላላቸው ብቻ ነው የሚል ትርጉም አወጣ፤ ግዛቶች ከሰው ፍርድ ቤት ሄዷል። ግሪን ካርድ፣ ስደተኛ፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ከሆናችሁ አይነካችሁም። ሌላው ፕሮግራሙን ደውሎ «ምን ወረቀት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ በግዛት ወይም በቤተ መጻሕፍት ገንዘብ የሚሠሩ ክፍሎችም አሉ።

ሰናይት፣ ለወንድምሽ ሚስት፦ በዚህ ሳምንት የ10ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷንና የ9ኛና 10ኛ ትራንስክሪፕቷን ታፈላልግ። ለኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ደውላ «የነርስ ረዳት አይኢቲ አላችሁ ወይ፣ ቀጣዩ ምዝገባ መቼ ነው» ትበል። ካለ ከጂኢዲ ሒሳቡ ጋር አብራ ትጀምር፤ የምትሠራበትንም ቤት የሲኤንኤ ሥልጠና ይከፍሉ እንደሆነ ትጠይቅ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ተቀጣሪ ረዳቱን የሥልጠናና የፈተና ወጪ ማስከፈል አይፈቀድለትም። ያለችበት ያ ዓይነት ቤት ይሁን ወይስ አሲስትድ ሊቪንግ (የዕለት እርዳታ ብቻ የሚሰጥ የአረጋውያን መኖሪያ) አጣርታ ትንገረን፣ ደንቡ ይለያያል።